በሸንጎ ፊት የወጣ ገበና

ዛሬ ወረታ ላይ የጎረቤታችን ፍቺ በዝግ ችሎት እንዲታይ መፈቀዱን ስነግራት እናቴ ምርር ብላ አለቀሰች።

እሷ ከመጀመሪያ ባሏ ስትፋታ ዘመኑ ደርግ ነበር። ጉዳዩ በቀበሌ ሸንጎ፣ መንደር ሙሉ ተሰብስቦ ታየ። (የሰው ትዳር ሲፈርስ ለማየት ማን ይቀራል? እርሻውም ይቆያል!)

ባልየው ተነሥቶ፣ «ሲመሽ እንጀራ ቋጥራ ወደ ሐይቁ ደንገል ትወርዳለች» አለ።

ደንገሉ ውስጥ የተደበቀው ከውትድርና የሸሸ ወንድሟ ነበር። ባልየው ይህን አያውቅም።

እናቴ መሬት መሬት እያየች፣ «ውሽማ አለኝ» አለች። ቄሱ አባቷ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ሊቀመንበሩ ግን ጠመንጃውን አነሣና፣ «እንግዲያው ሄደን ውሽማሽን እናየዋለን» አላት።

ያን አጎቴን ከዚያ ቀን ወዲህ ያየው የለም፤ እኔም አላየሁትም።

እናንተስ ቤት፣ በአደባባይ የወጣ ገበና ማንን ይዞ ሄደ?