የአደራ ውሾች ጠባቂው ዱዓሌ

ዱዓሌ የውሻ ሥራ የያዘው ወዶ አይደለም። ሐዲድ ጥገና ላይ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ በኋላ ከባድ ነገር ማንሳት አቃተው። ፈረንጆች በሚኖሩበት ሰፈር፣ በከዚራ፣ ያለ አንድ የእንስሳት ሐኪም ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሄዶ ተቀጠረ። ጀልዴሳ ገጠር ግመል ሲነዳ ያደገ ሰው ስለሆነ የሚሰጡት ከብትና ግመል መስሎት ነበር። ሁሉም «ዶክተር» ብቻ የሚለው ሽበታም ጣሊያን ግን ወደ ጓሮ ወሰደውና በሽቦ የታጠሩ ክፍሎችን አሳየው። በአንድ ወገን ድመቶች፣ በሌላው ውሾች።

በዚያ ዘመን የድሬዳዋ ፈረንጆች ሙቀቱ ሲብስባቸው በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ አገራቸው ይሄዱ ነበር። ውሻና ድመታቸውን እስኪመለሱ ድረስ ለሐኪም ቤቱ በአደራ ይሰጣሉ። ማብላቱ፣ ማጠቡ፣ ቁንጫ መልቀሙ፣ በጠዋት አሸዋው ሳይግል ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አውርዶ ማናፈሱ የዱዓሌ ሆነ።

ድመቱስ ግድ የለም፤ ጣጣው ውሻው ነው። ዱዓሌ ከሥራ ሲወጣ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብሎ ውሻ ለነካው ሙስሊም እንደታዘዘው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር እያሸ። የሥራ ልብሱን እዚያው ሰቅሎ፣ ንጹህ ሽርጥ አገልድሞ ነው ሰፈሩ መጋላ የሚገባው። እንዲያም ሆኖ መስጊድ ውስጥ ከጎኑ የቆመ ሰው ትንሽ ፈቀቅ ይልበታል። ሚስቱ ሃሊሞ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር፤ የውሻ አጣቢ ሚስት እየተባለች ገዢ ሲሸሻት መጥበሻውን ሰቀለችው።

«አቦ፣ ሌላ ሥራ ጠፋ?» ትለዋለች አንድያ ልጁ ሳሕራ፣ አባቷን በሶማልኛ እየጠራች።

«በዚህ ወገብ?» ይላታል።

ሳሕራን የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ዲሪዬ ልጅ ሲያድ ወደዳት። እሷም ወደደችው። ሐጂ ዲሪዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በሰው በኩል የላኩት ቃል አጭር ነበር፦ «ልጅቷ ጥሩ ናት። አባቷ ውሻውን ይተው።»

ዱዓሌ በማግስቱ ዶክተሩን ለመነ። «ልጄን ልድር ነው። ወደ ከብቶቹ አዛውረኝ።»

«አሁን ክፍሎቹ ሙሉ ናቸው፣ አየህ አይደል? ፈረንጆቹ ከእረፍት ይመለሱ፤ ያን ጊዜ አዛውርሃለሁ» አለው ዶክተሩ።

ዱዓሌ አመነው። ቀኑ ሩቅ ስላልመሰለው ለሐጂ ዲሪዬ «ትቻለሁ» ብሎ ላከባቸው። ለሚስቱም ለልጁም ወደ ከብቶቹ የተዛወረ አስመስሎ እንደዚያው አለ።

«ወላሂ ተውከው?» አለችው ሳሕራ።

«ተውኩት አልኩሽ እኮ!»

በዚያ ወቅት ከአደራዎቹ አንዱ ሚዶር የሚባል ትልቅ ቡናማ ውሻ ነበር። የቆዳ ነጋዴ ሚስት የሆነች፣ ማዳም የሚሏት የአንዲት ፈረንሳዊት ነው። ባለቤቶቹ ከሄዱ ጀምሮ አልበላም ብሎ ከግድግዳ ተለጥፎ ተኛ። ዱዓሌ ሥጋውን በጣቱ እየቆራረጠ አጎረሰው፤ ሰው በሌለበት በሶማልኛ እያወራ አባበለው። ውሎ አድሮ ውሻው ከሱ እጅ ካልሆነ የማይበላ፣ እግሩ ሥር ካልሆነ የማይተኛ ሆነ። ዱዓሌም ለማንም አይናገረው እንጂ ጠዋት በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነበር።

ማዳም ከእረፍት ተመልሳ ሚዶርን ወሰደችው። ሌሎቹም አንድ በአንድ እየተወሰዱ ክፍሎቹ ባዶ ሆኑ። ዱዓሌ አልሐምዱሊላህ አለ። በዚያው ሳምንት እሁድ ሐጂ ዲሪዬ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር የኒካሑን ቀን ሊቆርጡ ቤቱ መጡ። ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል፣ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ሐልዋና ሻሂ ቀርቧል። ሳሕራ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ታዳምጣለች።

ቀኑ ሊወሰን ሲል ደጃፉ ላይ መኪና ቆመ። የሰፈር ልጆች ጩኸት ተሰማ፤ በሩ ተገፋና ሚዶር ዘሎ ገባ። ምንጣፉን ረግጦ፣ የሻሂ ብርጭቆ ገልብጦ፣ ሁለት እግሩን ዱዓሌ ደረት ላይ ሰቅሎ ፊቱን ይልሰው ጀመር። ማዳም ከኋላው እየሳቀች ገባች።

«ዱዓሌ! ሚዶር እኔ ቤት አይበላም። አንተን ብቻ ይፈልጋል! ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ ዘበኛው ቤትህን አሳየኝ። እይ፣ እይ እንዴት ይወድሃል!»

ሽማግሌዎቹ ሽርጣቸውን ሰብስበው ተነሱ። ሐጂ ዲሪዬ ብቻ አልተነሱም።

«ዱዓሌ፣ ትቻለሁ አላልከኝም?» አሉት።

 የዱዓሌ ፊት በውሻው ምራቅ ርሷል። እግሩን አነሳና ሚዶርን ጎኑ ላይ ረገጠው። ውሻው ጮኸ፤ ግን አልሸሸም፤ ሆዱን መሬት ለመሬት እየጎተተ ተመልሶ እግሩ ሥር ተኛ። ያ ይብስ አናደደው። ደገመው። የጎድን አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ማዳም እየጮኸች ውሻዋን ታቅፋ ወጣች።

ሐጂ ዲሪዬ ያን ጊዜ ተነሱ። «ውሻ ቢነካህ ታጥበህ ትጸዳ ነበር» አሉት፤ «የዋሸኸኝን በምን ታጥበዋለህ?» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ዶክተሩ የሥራ ልብሱን በሩ ላይ አውጥቶ ጠበቀው። «የአደራ ውሻ የሚሰብር ሰው እዚህ አይሠራም።»

«ወደ ከብቶቹ አዛውርሃለሁ ብለኸኝ ነበር እኮ፣ ዶክተር! ብታዛውረኝ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«ለከብቶቹ ሰው ከቀጠርኩ ቆየሁ» አለ ዶክተሩ ሳያፍር። «አንተን ከውሾቹ ለምን አነሳሃለሁ? እንዳንተ የሚይዛቸው አልነበረም።»

ዱዓሌ ሐጂ ዲሪዬ ሱቅ ሄዶ ይቅርታ ለመነ፤ ይቅር አሉት፣ ጋብቻውን ግን አልመለሱትም። ማዳም ደጅም ቆመ። ከግቢዋ ስትወጣ ሚዶር ከጎኗ ነበር፤ ዱዓሌን ሲያይ ጅራቱን ወሽቆ ከቀሚሷ ጀርባ ተደበቀ። ዱዓሌ ከደጁ ተመለሰ።

ሲያድ የረመዳን ጾም ሳይገባ ሌላ አገባ። ዱዓሌ አንድ የጨው መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ሳሕራን ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ ያለ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆች ያሉት ሽማግሌ ጠየቃት፤ ሌላ የሚጠይቅ አልመጣምና ሰጧት። የምትሄድ ቀን ዱዓሌ ጓዟን እያሰረ «አደራሽን፣ አትቀየሚኝ» አላት።

ሳሕራ ሻርፗን አስተካከለች።

«ሐጂ ሱቅ ሄድክ። ፈረንጇ ደጅ ሄድክ» አለችው። «እኔ እዚሁ ቤት ነበርኩ፣ አቦ። ዛሬ ነው ያየኸኝ?»

ዱዓሌ ጭነቱን ጨርሶ አሰረ። ሳሕራ ከዚያ በኋላ ድሬዳዋ የመጣችው እናቷ በታመመችና በሞተች ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም ያደረችው ጎረቤት ነው።