የግል ተፈታኟ

ከሆሳዕና ወደ ጊምቢቹ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሕፃኗን እያጠባች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ ታነባለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቷ ከመስመሩ አይለቅም።

«አስተማሪ ነሽ?» አልኳት።

«ተፈታኝ ነኝ፣ በግል። አሥራ አንደኛን እንደጨረስኩ ዳሩኝ። ሆሳዕና የምመጣው ቤተ መጻሕፍት ለመዋል ነው።»

«ሳይገባሽ ሲቀር ማን ያስረዳሻል?»

«ማን አለኝ? ያልገባኝን በቃሌ እይዘዋለሁ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ፊቷ ላይ አልቆየም።

ወደ ጊምቢቹ ስንቃረብ መጽሐፉን በሕፃኑ ልብስ ጠቀለለችው። ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ሳበች፤ ትከሻዋም እንደ በሽተኛ ወደቀ።

ባሏ መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቃት ነበር።

«ሐኪሙ ዛሬስ ምን አለሽ?»

«ገና አልዳንሽም፣ ለሳምንት ተመለሺ ብሎኛል» አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።