የእማሆይ አንጓች አውራ ጣት

ዛሬ ጠዋት ክፍል ልገባ ስል ከማላውቀው ሰው መልእክት ደረሰኝ። «ነፍስ ይማር። ከመቀበራቸው በፊት የላክሁት ፎቶ ላይ አውራ ጣታቸውን ብቻ አስነክተሽ ላኪልኝ።»

የማን ነፍስ? ውሸት ነው አልኩ። እናቴ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ሲነሳ ከእሷ ድምፅ በፊት ለቅሶው ተሰማኝ።

እማሆይ አንጓች፣ የአያቴ ታናሽ እህት፣ ዐርፈዋል። መርዶዬን ያረዳኝ ፊርማ ፈላጊ ነው።

ታሪካቸውን በቴሌቪዥን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በጣሊያን ጊዜ ገና ሙሽራ ነበሩ፤ ባላቸው ጫካ ገብቷል። የጣሊያን ሹማምንት በየአርበኛው ቤት እየዞሩ፣ «ባሌ እጁን ሰጥቷል፣ እናንተም ግቡ» የሚል ወረቀት ላይ የሚስቶችን ጣት እያስነኩ ጫካ ላሉት ይልኩ ነበር። እማሆይ ተራቸው መድረሱን ሲሰሙ ሁለቱንም አውራ ጣቶቻቸውን ወፍጮው ድንጋይ ላይ ቆዳቸው እስኪላጥ ፈገፈጓቸው። ሲያስነኳቸው ወረቀቱ በደም ጨቀየ እንጂ አሻራ አልወጣም። አስተርጓሚው ምን ሆነሽ ነው ቢላቸው፣ «እንግዳ ይመጣል ሲሉኝ፣ በጥድፊያ ስፈጭ» አሉት።

ይህን ሲያወሩ እሳቸው ይስቁ ነበር። እኔ ያን ልሙጥ ጣት እያየሁ አንድም ቀን መሳቅ አልቻልኩም።

ከቴሌቪዥኑ በኋላ ፖስታ ከየሚኒባሱ ይወርድ ጀመር። አውራ ጣታቸውን እንዲያሳርፉበት ፎቶ፣ መጽሐፍ፣ የማኅተም ቀለም ሳይቀር። እማሆይ ሳይከፍቱ ይሰጡኛል። «መልሽላቸው። ወረቀት ደጅ አይጠናም» ይላሉ። የፈለጋቸው ሰው ራሱ መጥቶ ደጃቸው ላይ እንዲቆም፣ የማን ልጅ እንደሆነም እንዲነግራቸው ነበር የሚሹት። ይህንኑ ለላኪዎቹ በትሕትና ጻፍኩ። «የአሮጊቷ ዘበኛ» ብላችሁ ስም አወጣችሁልኝ። ደብቃ ልትነግድባቸው ነው ያላችሁም አላችሁ።

አንድ የደጀን ሾፌር ግን ገብቶት ነበር። የጭነት መኪናውን አማኑኤል ከተማ አቁሞ ዳገቱን በእግሩ ወጣ። ዝናብ እየመታው አጥሩ ሥር ቆሞ እስኪጠሩት ጠበቀ። እማሆይ የአባቱን አገር ጠየቁት፣ እሳት ዳር አስቀመጡት፣ በሬዎቻቸውን ሁሉ በስም እየጠሩ አሙለት። ሲሰናበታቸው ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁት። በኪሱ የያዘውን ፎቶ ሳያወጣ እንባውን እየጠረገ ወረደ።

እማሆይ፣ ይህን የምጽፍልዎ መንገድ ላይ ሆኜ ነው። እናቴ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፋ በነጠላ እንደሸፈነችው ነገረችኝ። ደርሼ አጠገብዎ እቀመጣለሁ፤ እስከ መቃብሩ አፍም አልለይዎትም።

በሕይወት ሳሉ ሰው እንዳይቀየምዎ ብዬ የሰደበኝን ሁሉ ይቅርታ ስጠይቅ ኖርኩ። ያ አብቅቷል። ደህና ይሂዱ፣ እማሆይ። አድናቂ ነኝ ቢል፣ ዘመድ ነኝ ቢል፣ ለታሪክ ነው ቢል፣ ያንን እጅ ከነጠላው ሥር እንዲያወጣ ለማንም አልፈቅድም።