አባባና የጣሪያው ሶላር

የመብራት መስመር ወደ ቡሬ ሲያልፍ መንደራችንን ስለዘለላት አያቴ ቆርቆሮው ላይ ትንሽ ሶላር አስተከሉ። በየማለዳው መሰላል ወጥተው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉት ነበር። «ፀሐይም እንግዳ ናት፤ ደጁ ተጠርጎ ይጠብቃት» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ፣ መሐንዲሶች ግዙፍ ሶላር በሳተላይት ህዋ ላይ ዘርግተው ኃይሉን በሞገድ ወደ ምድር ሊያወርዱ እንደሚያስቡ አጫወትኳቸው። ደመና እንደማያግደው ስነግራቸው ደስ አላቸው።

«ታዲያ ማን ይጠርገዋል?» አሉኝ።

«እዚያ አቧራ የለም፣ አባባ።»

«አቧራ ከሌለማ ሰውም የለበትም። ለእኔ እዚሁ ይሻለኛል።»

ተዝካራቸውን ያወጣን ዕለት አምፖሉ ገና በጊዜ ደከመ። በማግስቱ መሰላሉን ወጥቼ ሶላሩን አየሁት። አቧራው አለ፤ አባባ የሉም።