ፋርሂያና የማወፈሪያው ኪኒን

ፋርሂያ ሰርግ ላይ ስትጨፍር ያላየ ሰው ድሬን አየሁ አይበል! መጋላ ገበያ ውስጥ ሱቃችን ጎን ለጎን ነው፤ እሷ ድሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ ትሸጣለች፣ እኔ ጫማ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከስልኳ ሙዚቃ ትከፍትና ዳሌዋን ማወዛወዝ ትጀምራለች፤ ደንበኛው ሁሉ የመጣበትን ረስቶ ያጨበጭባል። አንድ ነገር ብቻ ያናድዳት ነበር፤ ቀጭን ናት መባል።

እጮኛዋ አብዲራሺድ ሽማግሌ ልኮ የሰርጉ ቀን ሲቆረጥ፣ አክስቷ አዴ ሃሊሞ ከገበያ የማወፈሪያ ኪኒን ገዝተው አመጡላት።

"አጥንቷ የወጣ ሙሽራ አንድርም፤ ዋጪ!" አሏት።

ዋጠች። ብዙም ሳይቆይ ጉንጯ ተነፋ፣ ፊቷ ድቡልቡል አለ። ሰፈሩ "ማሻአላህ!" አለ። አልዋሽም፣ እኔም ቀናሁ።

ከዚያ ብሽሽቷን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ደረጃ ስትወጣ ነበር፣ ቀጥሎ ቆማ ስትሸጥ፣ በኋላ ተኝታም አልለቅ አላት። ራጅ ተነሳች፤ ራጁ ንጹሕ ነው ተባለ። አዴ ሃሊሞ "የሰው ዐይን ነው" አሉ። የምን ዐይን! ያቺ ዳንሰኛ እግሯን እየጎተተች ስታልፍ ማየት አንገበገበኝና ባጃጅ ጠርቼ ሌላ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ዶክተር ኒቆዲሞስ ኤምአርአይ አዘዘላት።

ውጤቱን አይቶ "የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" ሲላት ኪኒኑን ከቦርሳዋ አወጣች። ሰውየው ከወንበሩ ተነሳ።

"ይሄ እኮ ስቴሮይድ ነው! ወደ ጭንሽ አጥንት ራስ የሚሄደውን ደም ያሳንሰዋል። ደም ያነሰው መቅኒ ይጎዳል፣ ውሃ ይቋጥራል። ራጅ ደግሞ ይህን ገና ሲጀምር አያሳይም። ዝም ከተባለ አጥንቱ ከውስጥ ይሞትና ይደረመሳል።"

"የኔ ተደርምሷል?" አለችው።

"ገና ነው። ግን ይድናል ብዬ ቃል አልገባልሽም።"

"እጨፍራለሁ?"

ዶክተሩ ወረቀት ስቦ ክራንች አዘዘላት።

ኪኒኑን በአንዴ ማቆም አደጋ ስላለው በእሱ ክትትል ቀስ በቀስ ቀነሰችው። በክራንች መሄድ ጀመረች፣ ሰርጉም ተራዘመ። አብዲራሺድ "አቦ፣ ሰርጉ የትም አይሄድም!" እያለ ሱቋን ቆሞ ይሸጥላት ነበር፤ ድሪያ መሸጥ ግን አይችልበትም፣ ሳቅንበት። ወራት አለፉ። የተነፋው ጉንጭ ተመልሶ ጎደለ።

በሁለተኛው ኤምአርአይ ቀን እጄን ጨምቃ ልትሰብረው ነበር። ዶክተሩ ፎቶውን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገና ፈገግ አለ።

"ውሃው ደርቋል። አጥንቱም ቅርጹን እንደያዘ ነው።"

እልል አልኩ! ኮሪደሩ ተናወጠ፤ ጥበቃው ሮጦ መጣ። ይምጣ!

ሰርጉ ላይ አንዲት ሴት ከኋላችን "ምነው ሙሽራዋ ከሳች?" ብላ አንሾካሾከች። አዴ ሃሊሞ ዞር ሲሉ ሊጣሏት መስሎኝ ልይዛቸው ተነሳሁ። ዐይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

"ፊቷን ተዪው" አሏት፤ "እግሯን እዪልኝ!"

ፋርሂያ መሐል ገብታ እየጨፈረች ነበር።