ባንኮኒው ላይ የተውኩት ፓምፕ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ዕድሜዬን በሙሉ የሌሎችን ሰዎች ጥፋት ስጠይቅና ስዘግብ ኖሬአለሁ፤ ያልጠየቅሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። አሁን እንደ ሥራዬ ልማድ ከዋናው እጀምራለሁ። አያ ደስታ የሚባሉ ድንጋይ ጠራቢ በእኔ ምክንያት ሞቱ። ታደሰ የሚባል መካኒክ፣ አብሮ አደጌ፣ በእኔ ምክንያት ቀኝ እጁ ከሥራ ውጪ ሆነ። ሁለቱንም ያደረግሁት አንድ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ስመርጥ ነው።

ፓምፕ መምረጥ ኃጢአት ነው ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። መልሱን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀው ነበር።

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከሞላሌ ብዙ በማይርቅ የትውልድ ሰፈሬ ነው። ያኔ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ እዘግብ ነበር። አለቆቻችን የሚፈልጉት የልማት ዜና ነበር፤ መንገድ ተጠረገ፣ እርከን ተሠራ፣ ምንጭ ጎለበተ። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ የጓሮ አትክልት ማረሻ ትንሽ ትራክተር ለቀበሌው ትቶ ሄደ። ቁመቷ ከሰው ደረት አይበልጥም። ታደሰ ከተጣለ የጭነት መኪና ብረት ቆርጦና በይዶ ከፊቷ ሁለት ክንድና አንድ ሰፊ አካፋ ሠራላት፤ እንደ ትልልቆቹ ሎደሮች አፈር ዛቅ አድርጋ እንድታነሳ። ክንዶቹን የሚያነሳው በጎማ ቱቦ የሚሄድ ዘይት ነው። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፑ ነው። እኔም ዜና ሠራሁባት። የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን እንደ አዲስ እየተሠራ ስለነበር፣ የግንባታው ድንጋይ ሁሉ ከእንግዲህ በማሽን ይነሳል ብዬ በሬዲዮ ተናገርኩ።

ያን ያለኝ ማንም አልነበረም። ከራሴ አውጥቼ ነው የተናገርኩት።

ከድንጋዮቹ ሁሉ ከባዱ የበሩ ደፍ ነበር። ምእመናን ሲገቡ ተንበርክከው የሚስሙት፣ አያ ደስታ ክረምቱን በሙሉ የጠረቡት አንድ ወጥ ድንጋይ። በእኛ አገር ደፍ በሰው ትከሻ ይመጣል። ከመቀመጡም በፊት ጠራቢው የሚያርፍበትን መሬት ተንበርክኮ ይሳለማል፤ ሌላ ሰው ሳይረግጠው። አያ ደስታ ዜናዬን ሰምተው ኖሮ፣ ሰው በተሰበሰበበት ጠሩኝ።

«ጋዜጠኛው! ይቺ አይጥ ናት ደፍ የምታነሳው?»

«ታነሳለች፣ አያ ደስታ።»

«በሬዲዮ ብታነሳው ይሻልሃል። እዚያ ሁሉም ነገር ቀላል ነው።»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትራክተሯ «የሬዲዮ አይጥ» ተባለች። በገበያ ሳልፍ ከኋላዬ «አይጢቱ ደህና ናት?» የሚለኝ አይጠፋም ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ቀልደኛ ነበሩ። እኔ ግን አንድ ነገር በውስጤ ቋጠርኩ። እኒህን ሽማግሌ አፋቸውን አስይዛለሁ አልኩ።

በዚያው ሰሞን የትራክተሯ ፓምፕ ጥርሱ ተበላና ክንዱ መነሳት አቆመ። እኔ ለሥራ አዲስ አበባ ልሄድ ስለነበር፣ ታደሰ አሮጌውን ፓምፕ ፈትቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ልክ የዚህን መጠን አምጣ። ትልቅ እንዳትገዛ።»

«ትልቅ ቢሆን ምን ይጎዳል?»

«ቱቦዎቹ አሮጌ ናቸው። ትርፍ ዘይት የምታስተነፍሰው ክፍልም ለትንሹ ነው የተሠራችው። ትልቁ ሲገፋባት መልሳ አትችለውም፤ ይፈነዳል። ገባህ? እስቲ ድገመው።»

ደገምኩለት። ቃል በቃል ደገምኩለት። ስለዚህ ረሳሁ ማለት አልችልም። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ሱማሌ ተራ የአሮጌ መለዋወጫ ሱቆች ባሉበት ገባሁ። ገና በመጀመሪያው ሱቅ ትንሹ ፓምፕ ነበረ። ሻጩ ዘይቱን በጨርቅ ጠርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ለካሁት፤ እኩል ናቸው። በእጄ ያዝኩት። ክብደቱ አሁንም መዳፌ ላይ አለ።

«ምን ልታነሳበት ነው?» አለኝ ሻጩ።

«ድንጋይ።»

«ለድንጋይማ በዚህ ምን ትሠራለህ? ይሄን ውሰድ፣ ከገልባጭ መኪና የወጣ ነው። ቤት ከነሰዉ ያነሳልሃል።»

ትልቁን ከመደርደሪያው አወረደው። የታደሰ ድምፅ በጆሮዬ ነበረ። ከሱ በላይ ግን የአያ ደስታ ሳቅ ነበረ። ትንሹን ባንኮኒው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ማንም አላስገደደኝም። ሻጩም አልገፋፋኝም ማለት ይቻላል፤ ሻጭ ነው፣ የሚሸጠውን ያወድሳል። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።

ለታደሰ ደግሞ ዋሸሁት። «ትንሹ የለም» አልኩት፤ «አዲስ አበባን አዳርሻለሁ፣ የተገኘው ይሄ ብቻ ነው።»

ፓምፑን አገላብጦ አየው። ፊቱ አልበራም። «ከጠፋ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ። «ግን ቱቦው ሳይቀየር ከባድ ነገር አናነሳባትም።» ቱቦው በሚቀጥለው ጉዞዬ ይመጣል፣ ደፉን ግን ቀስ ብለን እናንሳው አልኩት። ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው አልኩት። አመነኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ አምኖኝ ያውቃል፤ ለማመን ምክንያት አላጣም ነበር።

ደፉ በሚቀመጥበት ቀን የአጥቢያው ሰው ሁሉ መጣ። የወረዳ ኃላፊዎችም መጡ፤ እኔ ነኝ የጠራኋቸው። መቅረጫዬን አንግቤ ከፊት ቆምኩ። ድንጋዩን በሰንሰለት አካፋው ላይ አሰሩት። ታደሰ ሞተሩን በዝቅታ ይዞ ማንሻውን ሳበ። ክንዱ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተነሳም።

«በሉ ልጆች፣ ትከሻችሁን አዘጋጁ!» አሉ አያ ደስታ። «አይጢቱ ቁርሷን አልበላችም!»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ከኃላፊዎቹም አንዱ ሲስቅ አየሁት። ያን ጊዜ ጮህኩ። «ነዳጅ ስጣት! ታደሰ፣ ነዳጅ ስጣት!»

ታደሰ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። የሚጠይቀኝ ነገር ነበረው። በአንገቴ ንቅናቄ «ስጣት» አልኩት። ሰጣት። ሞተሩ ጮኸ፣ ድንጋዩ ከመሬት ተነጥቆ ላይ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ደስታ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ እኔ እያዩ ሳቁ። «እሺ፣ አፌን አስያዝከኝ!» አሉ። ቂም የሌለበት ሳቅ ነበር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ። ይህንንም መናዘዝ አለብኝ፤ ደስ አለኝ።

ታደሰ ትራክተሯን ነድቶ በሩ ዘንድ አደረሳት። አካፋው በከፍታ እንደ ተንጠለጠለ አያ ደስታ እንደ ልማዱ ወደ ቦታው ሄዱ፣ ተንበረከኩ፣ መሬቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ታደሰ «አያ ደስታ፣ ከሥር ይውጡ!» ብሎ ሲጮህ እኔ ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ግን በሞተሩ ጩኸት አልሰሙም። ሌላው ሰው ባለበት ቆመ። በእኛ ዘንድ ደፍ የሚሳለምን ሰው ተነሳ የሚል የለም።

ቱቦው እንደ ጥይት ጮኸ። የጋለ ዘይት ፊታችን ላይ ተረጨ። ክንዱ ከነድንጋዩ ወደቀ።

ያየሁትን እናገራለሁ፤ አላስውብም፣ አልሸሽግም። ድንጋዩ ጀርባቸው ላይ አረፈ። እግራቸው ሁለት ጊዜ መሬቱን ቧጠጠ። ከአፋቸው የወጣው ደም ሊስሙት ባጎነበሱበት አፈር ላይ ፈሰሰ። ሰዎች ድንጋዩን አንስተው ሲያወጧቸው ደረታቸው እንደ ባዶ ጆንያ ተጨፍልቆ ነበር። ዓይናቸው ክፍት ነበር።

ይርጋ የሚባል ልጅ ነበራቸው፤ አብሯቸው የሚጠርብ ጎልማሳ። አባቱን አየ። ከዚያ የአባቱን መዶሻ ከድንጋዩ ክምር ላይ አነሳ።

ታደሰ ሽባ እንደሆነ ሁሉ መቀመጫው ላይ ደርቆ ነበር። ይርጋና የአጎቱ ልጆች ጎትተው አወረዱት። ታደሰ በቀኝ እጁ የትራክተሯን ብረት ያዘ። ይርጋ እጁን በመዶሻው መታው። ሲይዝ መታው፣ ሲለቅም መታው። የጣት አጥንት ሲደቅ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አውቃለሁ። ከዚያ ዱላው መጣ። ራሱ ተፈነከተ፣ ጥርሱ ረገፈ። ሌሎቹ ከትራክተሯ ናፍጣ ቀድተው እላይዋ ላይ አርከፈከፉና ለኮሷት። ኃላፊዎቹ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። እኔ ቆሜያለሁ። መቅረጫው ደረቴ ላይ ነው።

ታደሰ በሰው እግር መሀል አየኝ። «ንገራቸው!» አለ። «ሌላ እንዳልነበረ ንገራቸው! አንተ ታውቃለህ!»

ይታያችሁ፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። የሚመሰክርለት የኔው ውሸት ነው። አንድ እርምጃ ወደፊት ብሄድ፣ «ሌላ ነበረ፣ የተውኩት እኔ ነኝ» ብል፣ መዶሻው ወደ እኔ ይዞር ነበር። ያን አስልቼ ነው ዝም ያልኩት። ድንጋጤ ነበር ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። ድንጋጤ አልነበረም። አእምሮዬ ጥርት ብሎ ነበር።

በዚያው ሳምንት የዘገብኩት ዜና «በአሽከርካሪው የጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። አርታኢው አንድ ቃል አልነካውም።

ደሙ እንዳይቀጥል ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የአጥቢያችን መምሬ መስቀላቸውን አንስተው፣ «ስለዚህ ደም የሚያውቀው ነገር ያለ ይናገር። እያወቀ የደበቀ የተወገዘ ይሁን» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። የታደሰ እጅ በጨርቅ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ታስሯል። «ጓደኛዬን ጠይቁልኝ» አለ። ጠየቁኝ።

«ሌላ ፓምፕ አልነበረም» አልኩ። በመስቀሉ ፊት።

የጠቀምኩት መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ወደ እሱ ዞሩ። «እንደማይሆን እያወቅህ፣ ሌላም ከሌለ፣ ለምን ገጠምከው? ማን አስገደደህ?» ታደሰ ስሜን ሊጠራ ይችል ነበር፤ «እሱ ነው ነዳጅ ስጣት ያለኝ» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ጥፋቱ የእሱ ነው ተባለ። በአገሩ ወግ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ በደህናው እጁ ደግፎ፣ ይርጋ እግር ላይ ወደቀ። ይርጋ እያለቀሰ ድንጋዩን ከአንገቱ አነሳለት። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ሰው እንዴት ይህን አድርጎ ያለቅሳል?

ታደሰ ያን አገር ለቆ መርሐቤቴ ገባ። ከዓመታት በኋላ ለዘገባ እዚያው መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ስሄድ አገኘሁት፤ በግራ እጁ የፋኖስና የብስክሌት ጥገና ይሠራል። ቀኝ እጁ እንደ ደረቀ ሥር ሆኗል። ሻይ አዘዘልኝ።

«አሁንም በዚያ ነገር ታዝናለህ አይደል?» አለኝ። «ተው እንጂ። አንተ ምን ታደርግ፤ አዲስ አበባን አዳርሰህ ያጣኸውን።»

ሻዩን ጠጣሁት። ስኳሩ ብዙ ነበር።

ታደሰ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ማንበብም ይችላል። ይርጋም አለ። መዶሻው እሱ ዘንድ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ አሁንም የሚጠርበው በእሱ ነው። ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ምንም ቢያደርግ ተሳሳተ አልልም፤ ልጆቼም እንዳይሉ አደራ እላለሁ።

ደፉ በመጨረሻ በሰው ትከሻ መጥቶ ተቀመጠ። ቤተ ክርስቲያኑ አልቋል። አገሬ ስገባ እሄዳለሁ፤ ግን ከውጭ፣ ከዛፉ ሥር ቆሜ አስቀድሳለሁ። ሰው ትሕትና ይመስለዋል። «እንዴት ያለ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ነው» ይላሉ፤ ለልጆቻቸውም ያሳዩኛል። ትሕትና አይደለም። ወደ በሩ ስጠጋ አያ ደስታ እንደተንበረከኩ ናቸው።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታ ከእናንተ የሚጠየቅ አይደለም፤ የሚጠየቀውም ሰው እስካሁን ስለ እኔ እያዘነ ነው። እኔ የምላችሁ ይህን ብቻ ነው። ትንሹ ፓምፕ ነበረ። በመጀመሪያው ሱቅ፣ ባንኮኒው ላይ ነበረ። በእጄ ይዤው ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት።