ዓይን ተጨፍኖ የወጣ እጅ

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬም ጠመኔ በሸተተኝ ቁጥር፣ ቆቦ ከአክስቴ ከዘሃራ ጋር መሠረተ ትምህርት የተማርንበት የማሽላ አገዳ ዳስ ይታወሰኛል።

መምህሩ ፊደል ጽፎ «ገባችሁ?» ሲል ሁሉም «ገባን!» ይላል። እኔ ግን ምንም አልገባኝም፤ ወደ ሰሌዳው እንዳይጠራኝ ከአክስቴ ጀርባ እደበቃለሁ።

አንድ ቀን «እስቲ ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ያልገባው እጁን ያውጣ» አለ። አወጣሁ። በስርቆት ገለጥ አድርጌ ባይ ዳሱ ሙሉ እጅ ነው!

«አሁን ግለጡና ተያዩ» አለ እየሳቀ።

«አልሃምዱሊላህ! እኔስ ደነዟ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች አክስቴ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ከጀርባዋ ወጣሁ። መምህሩም ከ«ሀ» ጀመረልን።

በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር ረጅም መመሪያ አንብቦ «ግልጽ ነው?» ሲል ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አክስቴ ዓይኗን ሳትጨፍን እጇን አወጣች።